«ኤ» ያገኘንበት ትምህርት

ከስድስት ኪሎ ግቢ ወጥቶ በአፍንጮ በር ቁልቁል ወርዶ፣ በሰሜን ማዘጋጃ በኩል ደግሞ ሽቅብ የተያያዘ ሰው ቀጨኔ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅበት ነው። እኛ ሦስት ዓመት ፈጀብን። ከግቢው በር ላይ እየተሰበሰብን የምንጠጣት ቡና የምትፈላበት ጀበና ከየት እንደመጣች ጠይቀን አናውቅም። ቢነግሩንም «አሃ» ብለን ስለ ግጥም መጨቃጨቃችንን እንቀጥል ነበር።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ፍሬሽማን ሳለን ሁላችንም «ኢንክሉሲቭነስ» የምትባል ኮርስ ወስደናል። ሶሻል ይሁን ናቹራል ከእሷ ያመለጠ የለም። እንደ አብዛኞቻችሁ እኛም ሞጁሏን በፈተናው ዋዜማ በአንድ ሌሊት ሸመደድናት። አካል ጉዳተኝነትን በሕክምና ዐይን ማየትና በማኅበራዊ ዐይን ማየት በምን ይለያያሉ ለሚለው ጥያቄ ሁለት ገጽ ሞልተን ጻፍን። «ችግሩ ያለው በልጁ ላይ ሳይሆን ልጁን በማይቀበለው አካባቢ ላይ ነው» ብለን ደመደምን፤ ሦስታችንም ኤ አገኘን። ይኸን የምንናገረው ለመመካት አይደለም፤ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ወደ ቀጨኔ የወሰደን ግን አካቶ ትምህርት አልነበረም፤ ፎክሎር ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ከእጅ ሙያተኞች አፍ ምሳሌያዊ ንግግርና የሥራ ላይ ዘፈን ሰብስባችሁ ኑ ተባልን። ለዚህ ደግሞ ከቀጨኔ የቀረበ ቦታ ከየት ይገኛል? ሰፈሩ የሸክላ ሠሪዎች ነው። ሴቶቹ ያለ አንዳች መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ፣ አፈሩን ከተፈጨ ገል ጋር አቡክተው ምጣድ፣ ጀበና፣ ድስት፣ ገንቦ ያወጣሉ፤ በድንጋይ ያለሰልሳሉ፤ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ይተኩሳሉ። ያገሩ እንጀራ በእነሱ ምጣድ ሲጋገር ኖሯል። አገሩ በበኩሉ የከፈላቸው ዋጋ «ቡዳ» የሚል ስም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሙያተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዘው ነበር። አዋጁ ቢወጣም ስድቡ ከነልጅ ልጁ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል፤ አዋጅና ልማድ በአገራችን ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት አይሄዱም። ይኸም ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የገባንበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው ወደ አርባ አምስት የሚጠጋ ሴት ናቸው። «እትዬ» ስንላቸው «ኧረ ግቡ ልጆቼ፣ ጭቃው እንዳይነካችሁ» አሉን። ጓሮው ውስጥ አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አፈር ይረግጣል። ስሙን አንጽፍም። ሰፈሩ «ማሙሽ» ይለዋል፤ እኛም እንደሱ እንበለው። ሲረግጥ ይቆጥራል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።»

ሥራችንን ጀመርን። መጠይቃችን በሚገባ የተዘጋጀ ነበር፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ደሀና ሀብታም፣ ሁሉም በየርዕሱ ተከፋፍሏል። ከመካከላችን አንዱ ተራ ቁጥር 7ን አነበበ፤ «ስለ ሞኝና ስለ ብልህ የሚነገሩ ምሳሌያዊ ንግግሮች ካሉ ቢነግሩን።» ይኸን ሲያነብ ማሙሽ ከጀርባው መጥቶ ቆሞ ነበር። እትዬ እጃቸውን ከጭቃው አላነሡም፤ ቀና ብለው ግን አዩን። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ ቀስ ብለው። በዚያው ቅጽበት ልጁ በጭቃ እጁ መጠይቁን ያዘው። ጓደኛችን አንድ ጊዜ ሳብ አደረገ። ልጁ አልለቅ አለ። ጓደኛችን ተወለት።

ማንም አልሳቀም። እኛ ሦስት የቋንቋ ተማሪዎች ነን፤ የምንናገረው አጣን።

ከዚያ ወዲያ ያደረግነው ደግሞ የባሰ ነበር ማለት ይቻላል። ለማለባበስ ብለን፣ «እትዬ፣ ይኼ ልጅ እኮ የተለየ ተሰጥኦ ሳይኖረው አይቀርም፤ ጀበናውን መታ አድርጎ ስንጥቅ ያለበትን በድምፁ ይለይ ይሆናል» አልናቸው። መጽሐፍ ላይ እንደሱ ያለ ነገር አንብበን ይሆናል። እትዬ ያን ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። «ኧረ የምን መለየት! ሽሮ ሜዳ ገበያ አድርስ ብዬው ስንቱን ሰብሮብኛል» አሉ። «ምንም የተለየ ነገር የለውም። ልጅ ነው። ቶሎ አይገባውም እንጂ ልጅ ነው።»

ከቡናው በኋላ ነው ጉዳዩን ያወጡት። ማሙሽ በአቅራቢያው ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት በልዩ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ተምሯል። የልዩ ክፍል መምህርቱ አሁን ከሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ይቀላቀል ብላለች። የሦስተኛ ክፍሏ መምህርት ደግሞ አልቀበልም ብለዋል። ለማክሰኞ ወላጅ ተጠርቷል። «እናንተ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናችሁ፣ ቃሉን ታውቁታላችሁ። አብራችሁኝ ግቡ። እኔ አስተማሪ ፊት ስቆም አፌ ይታሰራል» አሉን። ለምን ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸው ራሳቸው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት ተብሎ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ፤ ለብቻቸው አንድ ዴስክ ይዘው ነበር። «ሰፊ ቦታ ነበረኝ» አሉ፣ እንደ ቀልድ። አምስተኛ ክፍል አልገቡም።

ማክሰኞ ዕለት ሄድን። የትምህርት ቤቱንም የመምህራኑንም ስም አንጠራም፤ ያየነው በብዙ ትምህርት ቤት የሚታይ ነው። የልዩ ክፍል መምህርቱ በዕድሜ ከእኛ እምብዛም አትበልጥም። ክፍሏ ውስጥ ዐሥራ ሰባት ልጆች አሉ፤ ትንሹ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትልቁ ጢም አብቅሏል። ቁልፍ መቆለፍ፣ እጅ መታጠብ፣ መንገድ መሻገር፣ የብር ኖት መለየት፣ ከዚያም ፊደል። ማሙሽ ስሙን ይጽፋል፣ ከፊደል ገበታው ከግማሽ በላዩን ይለያል፣ መቶ ብርን ከሁለት መቶ አያምታታም። «እኔ ጋ ሊያገኝ የሚችለውን አግኝቷል» አለችን። «ከእኔ ጋር ቢቆይ ይወደኛል፣ እወደዋለሁ፣ አብረን እናረጃለን።»

ስብሰባው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነበር። ስብሰባ ይባል እንጂ የሻይ ሰዓት ነው፤ የሚገባው ይገባል፣ የሚወጣው ይወጣል፣ ሁሉም የበኩሉን ጣል ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር ጦርነት ጠብቀን ነበር። በልባችን ሞጁሏን ደግመናታል። ክፉ አስተማሪ እናገኝና በማኅበራዊው ሞዴል ድባቅ እንመታዋለን ብለን ተዘጋጅተናል። ክፉ ሰው አጣን።

የሦስተኛ ክፍሏ መምህርት ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ ናቸው፤ ነጭ ጋውናቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል። «58 ልጅ አለኝ» አሉ። «አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርቼ፣ ሰሌዳ ጠርጌ፣ ዝም በሉ ብዬ 30 ይቀረኛል። ላንድ ልጅ አንድ ደቂቃ አይደርሰውም። ለእሱ ዐሥር ደቂቃ ብሰጠው ከማን ልውሰድ? ንገሩኝ፣ ከማን ልውሰድ?» እኛን ነበር የሚያዩት። ከማን እንደሚወሰድ ሞጁሏ አትናገርም።

አንድ የሒሳብ መምህር፣ ጋሼ የሚሏቸው፣ «እኔ የምፈራው ለእሱው ነው» አሉ። «እዚያ ልዩ ክፍል ውስጥ ንጉሥ ነው። እዚህ ሲመጣ ግን ልጆች አያውቁም፣ ይሰድቡታል፣ ያሾፉበታል። እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጀርባዬ ዐይን የለውም።» ሌላ ወጣት መምህር ደግሞ በግልጽ ተናገረ፤ «ዐይነ ስውር ቢሆን ዛሬ እቀበላለሁ። ብሬሉን ይማርና ይከተለኛል፤ እንዲያውም ጎበዞች ናቸው። እግሩ ባይሠራም ይግባ። ይኼ ግን ጭንቅላት ነው። ጭንቅላት ከሌለ ምኑን ነው የማስተምረው?»

እናቱ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

ይኸ ወጣት መምህር የተናገረው ነገር የእሱ ብቻ አይደለም። በየአገሩ መምህራንን የጠየቁ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ይኸንኑ ነው፤ መምህር የአካል ጉዳትን ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት ይልቅ በቀላሉ ይቀበላል፤ ሥልጠና ያገኘና ከልጆቹ ጋር የዋለ መምህር ደግሞ ካልዋለው ይልቅ ልቡ ክፍት ነው። እኛስ? በግቢያችን ዐይነ ስውራን ወንድሞችና እህቶች አብረውን ይማራሉ፤ ማስታወሻ እናነብላቸዋለን፣ በክርክርም ያሸንፉናል። ስለዚህ አካቶ ገብቶናል እንል ነበር። ማሙሽን የመሰለ ሰው ግን ወደ ግቢያችን በር በየትም በኩል አይገባም፤ እኛም እንዳልገባ ልብ ብለን አናውቅም። ወጣቱ መምህር ጮክ ብሎ የተናገረውን እኛ በዝምታ ስንኖረው ቆይተናል።

ከዚያ አንዲት ሌላ መምህርት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በቅን ልቡና፣ «ጠበል ሞክረሽለታል?» ሲሉ እናቱን ጠየቁ። እትዬ ሞክረዋል። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ያለውን ጠበል አንድ ክረምት ሙሉ ወስደውታል። «አረጋግቶታል፣ እንቅልፍ ይተኛል፤ ተመስገን ነው። ፊደል ግን ጠበል አያስቆጥርም፤ ፊደሉን እናንተ ናችሁ የምታስቆጥሩት» አሉ። አፌ ይታሰራል ያሉን ሴት ናቸው።

ዩኒት መሪው «ፖሊሲው እኮ ይላል» ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። ልክ ነው፣ ይላል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ማንም እንደ አቅሙና እንደ ፍላጎቱ ይማር ብሏል። በዚያው ዓመት የዓለም መንግሥታት ስፔን ውስጥ ሳላማንካ ላይ ተሰብስበው ልጆች ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት ይማሩ ብለዋል። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2004 ተሻሻለ፤ በመካከሉ በ2002 የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ጸደቀ። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ሒሳብ መምህሩ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «ኢንስፔክሽን ሲመጣ ግን የሚጠይቀኝ አማካይ ውጤት ነው» አሉ። የስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፤ ስንት ልጅ አሳለፋችሁ ይባላል፤ ያላሳለፈ መምህር በግምገማ ይነሣል። አንድ መንግሥት በአንድ እጁ «ሁሉንም ያዝ» በሌላው እጁ «የያዝከውን መዝነህ አሳየኝ» ሲለው መምህሩ የቱን እጅ ይመልከት?

ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ የተለዩ ክፍሎችን አስቀርታ እንደ ማሙሽ ያሉትን ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር አስቀምጣለች። (ጣልያንን በበጎ ለመጥቀስ ለእኛ ሰው ትንሽ ይከብዳል፤ ግን እውነት እውነት ነው።) በዚያው ሕግ ግን ሁለት ነገር አብሮ ተጽፏል፤ እንዲህ ያለ ልጅ የገባበት ክፍል ከ20 ተማሪ አይበልጥም፣ ደጋፊ መምህርም ይመደብለታል። እኛ የተረጎምነው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይመስላል። የጥፉን ጋውን ባለቤት ክፉ ብለን ልንጽፍ የሄድን ሰዎች ያን ዕለት ማታ ዶርም ውስጥ ይኸንኑ ስንጨቃጨቅ አመሸን። አንዱ «ቢሆንም ልጁ ሃያ ተማሪ እስኪሆን ድረስ ይጠብቅ ማለት አይደለም፤ ዕድሜው እየሄደ ነው» አለ። ሌላው «በስሙ ተቀብለው ጥግ ላይ ካስቀመጡትስ? ከልዩ ክፍሉ የባሰ አይሆንም?» አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣነው።

የድሮዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ግለ ሂስ» የሚሉት ነገር ነበራቸው አሉ። እኛም ባንሰለፍም ያን ማታ ወደዚያው ተንሸራተትን። ከመካከላችን አንዱ ያልተናገረውን ታሪክ አወጣ። አንደኛ ደረጃ ሲማር፣ አዲስ አበባ ሳይሆን ሌላ ከተማ ነው፣ ክፍላቸው ውስጥ አንድ ቶሎ የማይገባው ልጅ ነበር፤ ኋላ ወንበር ላይ ለብቻው ይቀመጣል። አስተማሪያቸው ጥያቄ የተሳሳተ ተማሪ ሲያገኝ አይመታም ነበር፤ ደግ አስተማሪ ነው። «ሂድ፣ ከእሱ ጋር ተቀመጥ» ይለዋል። ክፍሉ ይስቃል። ከዱላ ይልቅ ይኸን ይፈሩት ነበር። ጓደኛችን በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እዚያ ተቀምጧል። ሁለቱንም ጊዜ ልጁ ደስ ብሎት ዳቦውን ቆርሶ ሰጥቶታል፤ ጓደኛችን አልበላም። ከፋሲካ በኋላ ልጁ መምጣት ተወ። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያቺ ወንበር ግን እስከ ሰኔ ቅጣትነቷን አላቆመችም።

ሌላም ነገር ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከተፈታኙ ልጅ ሁሉ ወደ 97 እጅ የሚጠጋውን «አልገባውም» ብሎ በር ላይ የመለሰ ትምህርት፣ ማሙሽን ቢመልስ ምን ይደንቃል? እኛ 3.2ቱ ውስጥ ያለነው ጎበዞች ስለሆንን ነው ብለን አምነን ነበር። ምናልባት ነን። ምናልባት ደግሞ አንዳንዶቻችን ቁርስ በልተን የምንሄድ፣ አጠገባችን የሚቀመጥ ሰው ያላጣን ብቻ ነን።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በስብሰባው መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ይሞከር ተባለ። አሳቡን ያመጡት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሒሳብ መምህሩ ናቸው። «እንደኔ እንደኔ አይሆንም፤ ግን ሳይሞከር አይሆንም ማለትም ሒሳብ አይደለም» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ተመልሰን ሄድን። በዚያ ግቢ ውስጥ አካቶ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየነው በምሳ ሰልፍ ላይ ነው። የከተማው የትምህርት ቤት ምገባ ከተጀመረ ወዲህ የልዩ ክፍሉም የመደበኛውም ልጅ በአንድ ሰልፍ ይቆማል፤ ከአንድ ድስት ይጨለፍለታል። አንዲት ትንሽ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ማሙሽ ተራ ሲያልፍ እንደማንኛውም ሰው ገፍትራው፣ «ሰልፍ አትስበር!» ብላ ስትጮህበት አየን። ያለ ርኅራኄ ነው የጮኸችበት። ደስ አለን፤ ለምን ደስ እንዳለን እንኳ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ከምሳ በኋላ መምህርቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠሩና፣ «እናንተ አማርኛ አይደል የምትማሩት? አንድ ክፍለ ጊዜ ያዙልኝ» ብለው ክፍሉን ጥለውልን ሄዱ። እኛ ሦስት ነን፣ ለዚያውም ኤ ያገኘን። 58 ልጅና ማሙሽ። ምንባብ አነበብን፣ ጥያቄ ጠየቅን። ከፊት ያሉት «ቲቸር፣ ቲቸር፣ እኔ ልመልስ!» እያሉ ጣታቸውን ዐይናችን ውስጥ ሊከቱ ደረሱ። ማሙሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ከምንባቡ ውስጥ የሚያውቀው ፊደል ባገኘ ቁጥር ተነሥቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «መ!» ይላል። ክፍሉ ይስቃል። «ጎበዝ ማሙሽ፣ ትንሽ ቆይ» አልነው። «ሰ!» «ትንሽ ቆይ ማሙሽ።» ሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ አንዳችን ዳስተሩን ከሰሌዳው ላይ አንሥቶ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ማሙሽዬ፣ ይኼን ውጪ አራግፈህልን ና» አለው።

ልጁ ደስ ብሎት ወጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ትምህርቱ ጥሩ ሄደ፤ እንዲያውም በጣም ጥሩ ሄደ። ደወል ተደወለ።

መምህርቱ ሲመለሱ ማሙሽ አሁንም ደጅ ነበር፤ ዳስተሩን ከግንቡ ጋር እየመታ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት» እያለ፣ ጠጉሩም ቅንድቡም በጠመኔ ብናኝ ነጭቷል። ግንቡ ላይ አርባ ሃምሳ የሚሆን ነጭ አራት ማዕዘን አትሟል። መምህርቱ እሱን አዩ፣ እኛን አዩ።

«ዳስተሩን ሰጣችሁት?» አሉ።

«አዎ» አልን።

«እኔም በመጀመሪያው ቀን የሰጠሁት እሱኑ ነው» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ የልጁን ፊት በጋውናቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ክፍል አስገቡት፤ በሌላ ክፍለ ጊዜ አጠገባቸው፣ ከሰሌዳው ሥር አስቀምጠው፣ «መ» ባየ ቁጥር እጁን ብቻ እንዲያነሣ ያስለመዱት መሆናቸውን ልዩ ክፍሏ መምህርት በኋላ ነገረችን። ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ስብሰባው ላይ «ከማን ልውሰድ» ያሉት ደቂቃ ከሻይ ሰዓታቸው ተወስዷል። ይኸን የሚመዘግብ ቅጽ የለም፤ አልጠየቁምም።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ የተወሰነው እንዲህ ነው፤ አማርኛ፣ ስፖርትና ሥዕል ከሦስተኛ ክፍል ጋር፣ ሌላውን በልዩ ክፍል። ወጣቱ መምህር አልተስማማም፤ «ሲወድቅ እኔ የለሁበትም» ብሎ ወጣ። ልዩ ክፍሏ መምህርት ደግሞ ያንሳል ብላ ቅር አላት። እኛ የቱ ትክክል እንደሆነ ብንጠየቅ ዛሬም እንከራከራለን። እትዬ ግን ክርክሩን ችላ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ስሙ የተጻፈበትን አሳዩኝ።»

መምህርቱ የስም መጥሪያውን አወጡ። 58ቱ ልጆች በፊደል ተራ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተደርድረዋል። ከሁሉ በታች፣ ከመስመሩ ወጣ ብሎ፣ የማሙሽ እውነተኛ ስም ከነአባቱ በእርሳስ ተጽፏል።

«ለምን በእርሳስ ሆነ?» አሉ እትዬ።

«እስክሪብቶዬ አልቆ ነው» አሉ መምህርቱ። እስክሪብቶው ከጋውናቸው ኪስ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። በእኛም በሦስታችን ኪስ ውስጥ እስክሪብቶ ነበረ። ማናችንም አላወጣንም።

እትዬ ጭቃ የደረቀበት ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አኖሩና በመስመሩ ወደ ግራ ጎተት አደረጉት።

«ይሁን» አሉ። «59 ቁጥርዋስ በእስክሪብቶ ናት።»